ዛፍ ለመውጣት ዕድሜ አለው እንዴ?

ባለፈው ወር «ባሕር ዳር ዛፍ በገመድ ወጥተው በሥርዓት የሚመለምሉ ሰዎች ያስፈልጓታል» ብዬ ጽፌ ነበር። የመንገድ ዳሩ ዘንባባ፣ ጃካራንዳው፣ ግቢ ውስጥ የገነነው ማንጎ፣ ጣሪያ ላይ ያዘነበለው ባሕር ዛፍ፣ ሁሉም ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የጥያቄ መዓት መጣ። የሚገርመው አብዛኛው ስለ ገንዘብ አይደለም፣ ስለ ዕድሜ ነው። አንዱን «ገና ልጅ ነህ» ብለውታል፣ ሌላውን «አልፎብሃል»። ስም ሳልጠራ፣ ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ሽንብጥ ነው የምኖረው። 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ዛፍ ላይ ነኝ፤ የሰፈሩን ማንጎ ሁሉ የማወርደው እኔ ነኝ። አሁን ሥራዬ ላድርገው ብል ታላቅ ወንድሜ «መጀመሪያ ሰው ሁን፣ ይሄ የዱርዬ ሥራ ነው» አለኝ። ልጀምር ወይስ ትንሽ ልቆይ?

መልስ፦ ጀምር። ወንድምህንም አትቀየመው፤ እሱ ያየው በገጀራ ዛፍ እየጨፈጨፈ የቀን ሂሳቡን ተቀብሎ የሚሄደውን ሰው ነው፤ ያንን እኔም ሙያ አልለውም።

ዕድሜህ ግሩም ነው። ሰውነትህ ዛሬ ደክሞ ነገ ይነሳል፣ የምታሳድገው ልጅ የለህም፣ ስለዚህ አንድ ዓመት በትንሽ ገንዘብ እየተማርክ ብታሳልፍ የሚጎዳ የለም። ከማንጎው ያገኘኸውም ቀላል አይደለም። ከፍታ አትፈራም፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚሸከም እግርህ ያውቀዋል። ችግሩ አብሮ የመጣው ልማድ ነው። ማንጎ የሚያወርድ ልጅ ራሱን የሚይዘው በእጁ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ግን እጅህ መጋዝ ነው የሚይዘው፤ አንተን የሚይዝህ ገመዱ ነው። በባዶ እግሩ እንደ ጦጣ ሽቅብ የሚል ልጅ ደግሞ «ታሰር» ሲሉት እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው። አንተ እንደዚያ ከሆንክ ከወዲሁ ተወው።

ሕጉ አጭር ነው፦ እግርህ መሬት ከለቀቀበት እስከሚመለስበት ድረስ ሁልጊዜ ታስረሃል። መንገድህ ላይ ቅርንጫፍ ካለና ዋናውን ገመድ ፈትተህ ማሳለፍ ካለብህ፣ መጀመሪያ ከቀበቶህ ጋር በተያያዘው አጭር ገመድ ግንዱን ታቅፋለህ፣ ከዚያ ነው ዋናውን የምትፈታው። የሞተር መጋዝ ይዘህ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቦታ ታስረህ ነው የምትሠራው፤ መጋዙ በስህተት አንዱን ገመድ ቢነካ ሌላው ይቀራል።

ሌላው፣ ምናልባት የማትወደው ነገር፦ የመጀመሪያዎቹን ወራት መሬት ላይ ሁን። ቅርንጫፍ ጎትት፣ ገመድ ልቀቅ፣ ሰውና ባጃጅ ከሥር እንዳያልፍ ተቆጣጠር። መሬት ላይ ያለው ሰው ዛፉ ላይ ያለው የማያየውን ነው የሚያየው፤ አንድ ነገር ቢፈጠርም ወጥቶ ማውረድ ያለበት እሱ ነው። ብቻውን ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚሠራ ሰው ካየህ ጎበዝ እንዳይመስልህ።

ማታ ማታ ቋጠሮ ተለማመድ። ወደ ላይ የሚያስኬድና ስትቀመጥበት የሚነክስ ብሌክስ ሂች የሚባል ቋጠሮ አለ። ጫፉን በዋናው ገመድ ላይ ከታች ወደ ላይ አራት ዙር ትጠመጥማለህ፣ ከዚያ ወደ ታች አውርደህ ከዋናው ገመድ በስተጀርባ ታዞረውና በታችኛዎቹ ሁለት ዙሮች ሥር ታሾልከዋለህ። ጫፉ ሾልኮ እንዳይወጣ ደግሞ ሌላ ቋጠሮ ታስርበታለህ። ክብደትህን ስትጥልበት ቀጥ፤ በእጅህ ከላይ ጫን ስትለው ሸርተት ይላል። ይህንን ጨለማ ውስጥ አስረህ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ ተንጠልጥለህ አምነኸው እስክትስቅ ድረስ ከዚያ በላይ አትውጣ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ዛፍ ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ትምህርቱንም ጨርሰህ አትተወው። ስለ ዕፅዋት የሚያስተምር የቴክኒክና ሙያ ኮርስ ካገኘህ ጎን ለጎን ያዝ። በ1924 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበር የባለሙያ ፈተናውን ለማስፈተን በዋናነት የሚጠይቀው የ3 ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምድ ነው፣ ትምህርት ካለህ ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀነስልሃል። አንተ ዛሬ ብትጀምር ያንን በ22 ዓመትህ ትደርስበታለህ። ለወንድምህ ይህንን ንገረው።

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት ያህል ሕንፃ ላይ ፌሮ ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን ግንባታው ቀዝቅዟል። ጽሑፍዎን አንብቤ ልቤ ተነሳ፤ ባለቤቴ ግን «በአርባ አራት ዓመት ዛፍ ላይ መውጣት እብደት ነው» አለች። እውነት አልፎብኛል?

መልስ፦ አላለፈብዎትም ወንድሜ። ግን እርስዎና የሽንብጡ ልጅ በአንድ መንገድ አትሄዱም።

መጀመሪያ ያለዎትን እንቁጠር። ሃያ ዓመት እስካፎልዲንግ ላይ የኖረ ሰው ከፍታ አዲስ አይሆንበትም። ዕቃ በገመድ መሳብና ማውረድ ያውቃል። ሥራ አይቶ በቁርጥ ዋጋ ማውጣት ያውቃል፤ ወጣቶቹ በዚህ ነው የሚከስሩት፣ ዛፉን ይቆርጡና ቅርንጫፉን ማን ያነሳል የሚለውን ሳይነጋገሩ ይቀራሉ። ደግሞ ሰው ግቢውን የሚከፍተው ለትልቅ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ግን «ዛሬ ነፋስ አለ፣ አልወጣም» ማለት ይችላሉ። በ19 ዓመት ይህንን የሚል ብዙ አላየሁም።

አሁን ስለ ሰውነት። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል። ጡንቻውን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል፣ በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ቀስ ይላል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት «ኧረ እችላለሁ!» ይላሉ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ክርንዎ የቡና ስኒ ማንሳት ያቅተዋል። መፍትሔው ሲጀምሩ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መውጣት ነው፣ ያውም ተራርቀው። ክርን ወይም ትከሻ ላይ ሹክ የሚል ሕመም ሲመጣ የዚያን ቀን መውረድ። «ይለቀኛል» ብለው አይግፉት።

አወጣጥም ለውጥ ያመጣል። በክንድ እየተሳቡ መውጣት ለወጣት ነው። እርስዎ በእግርዎ ይውጡ፦ በአንድ ቋሚ ገመድ ላይ እግር የሚረግጥበት ቀለበት በፕሩሲክ ቋጠሮ (ሲጫኑት የሚነክስ፣ ሲለቁት የሚንሸራተት ነው) አስረው፣ እየቆሙና እየተቀመጡ። ለዚህ የተሠሩ የእግርና የጉልበት መያዣዎች አሉ፣ ግን ከውጭ የሚመጡ ናቸው፣ ውድ ናቸው፣ ቆይተው ይገዛሉ።

ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ጋ ጎራ ይበሉ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማዞር፣ የቆየ የወገብ ሕመም፣ እነዚህን ይታዩ። የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ በሁዳዴ ከጠዋቱ ሌላ አይውጡ። ባሕር ዳር ፀሐይ ላይ ውሃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዛፍ ላይ መንጠልጠል ጽድቅ አይመስለኝም፣ ካህኑም የሚሉት ይህንኑ ይሆናል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የሞተር መጋዝ ነው። ምክንያቱም ይጮሃል፣ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። እርስዎ ግን በመጨረሻ ይግዙት። ሄልሜት፣ ለዛፍ ሥራ የተሠራ መቀመጫ ቀበቶ፣ ደረጃውን የጠበቀ ገመድ፣ ካራቢነር (ገመዱን ከቀበቶው የሚያያይዝ የሚቆለፍ የብረት ቀለበት)፣ ከዚያ አንድ ስለታም ቆልማማ የእጅ መጋዝ። የምልመላ ሥራ አብዛኛው በዚህ መጋዝ ያልቃል። ሕንፃ ላይ የለመዱት ሴፍቲ ቤልት ሲወድቁ የሚይዝ ነው፤ እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት ያስፈልግዎታል። ብረት ጥርስ ያለው የእግር መውጫም አያስፈልግዎትም። እሱ ለሚገነደስ ዛፍ ነው። ለሚኖር ዛፍ ከተጠቀሙበት በየርምጃው ቁስል ትተው ነው የሚወጡት፣ በዚያ በኩል ብስባሽ ይገባል።

የት ይጀምሩ? ማንጎና አቮካዶ ላይ። ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ባለቤት አላቸው፣ ሥራውም አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ወለጋ ውስጥ መጀመሪያ የታየው የማንጎ ነጭ ስኬል የሚባል ተባይ ወደኛም ዘልቋል፤ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ጠባሳ የሚያደርገው ማለት ነው። አንዱ መከላከያ የታፈነውን አናት ከፍቶ ብርሃንና አየር ማስገባት፣ ቁመቱንም መቀነስ ነው። ሰው ማንጎውን «አላፈራ አለ» ብሎ ሊቆርጠው ሲያስብ እርስዎ መልምለው ያድኑለታል።

ወፍራም ቅርንጫፍ በሦስት ቆረጣ ነው የሚወርደው። ከግንዱ ሁለት ስንዝር ያህል ራቅ ብለው መጀመሪያ ከሥር እስከ ሲሶው ይቁረጡ። ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ አልፈው ከላይ ይቁረጡ፤ ይወድቃል፣ የግንዱን ልጣጭ አብሮ አይገፍም። የቀረውን ጉቶ በመጨረሻ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚገናኝበት ላይ ያለችውን ያበጠች አንገት ሳይነኩ። ከግንዱ እኩል ልስልስ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው ጥሩ ይመስለዋል፣ ዛፉ ግን ያንን ቁስል ለመዝጋት ዓመታት ይፈጅበታል። ቀለም መቀባትም አይጠቅመውም።

ዘንባባና ባሕር ዛፍ ይቆዩዎት። ዘንባባ ቀላል ይመስላል፤ ቅርንጫፍ የለውም፣ ቀጥ ያለ ነው። ግን ለዓመታት ያልተነካ ዘንባባ ደረቅ ቅጠሉ ግንዱ ላይ ተደራርቦ ተንጠልጥሎበታል። ከሥሩ ገብቶ እየቆረጠ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ላይ ያ ሁሉ ቅጠል በአንድ ጊዜ ተላጦ ይንሸራተትበታል። አይጥለውም፤ ገመዱ ይዞታል። ቅጠሉ ደረቱንና አንገቱን ተጭኖ መተንፈስ ይከለክለዋል። በሌላ አገር የዘንባባ ሠራተኞችን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚሠራው፣ ወደ ላይ የሚደረስበት ሌላ መንገድ ከሌለ ደግሞ ሥራውን መተው። ባሕር ዛፍም ያለ ነፋስ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ቅርንጫፍ ይጥላል።

ባለቤትዎ እብደት ነው ያሉት ዕድሜዎን አይተው ነው። እኔ ብሆን የምፈራው ሌላ ነው፦ አንድ ቀን ቢወድቁ ቤቱን ማን ይይዛል? በቀን ሥራ የሚገባ ሰው ካሳ የሚከፍለው ማግኘት ይከብደዋል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ በማኅበር ተደራጁ፣ የግል አደጋ ዋስትና ኢንሹራንስ ግቡ፣ ከሚከፈላችሁ ላይ ለዚያ ቆርጣችሁ አስቀምጡ። ሥራው በግንቦትና በሰኔ ይጎርፋል፣ ሰው ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን ማዳን ይፈልጋል። ነሐሴ ላይ ጭር ይላል፤ ግንዱ ያሟልጫል፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። ያንን ወር የሚያሳልፉበት ነገር ከወዲሁ ያስቡ፤ ችግኝ መትከል ለምሳሌ።

እንግዲህ ድለላ ሥራዬ አይደለም፣ ግን ሽንብጥ ውስጥ ከፍታ የማይፈራ፣ ዋጋ ማውጣት የማያውቅ፣ ትልቅ ሰው የሚያስፈልገው አንድ የ19 ዓመት ልጅ አለ። እርስዎ ጋ ደግሞ ልጁ የሌለው ነገር ሁሉ አለ። ሁለታችሁም ብትስማሙ ለአዘጋጁ ክፍል ደውሉ፣ እናገናኛችኋለን።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ጎረቤታችን መብራት ገመድ ላይ የተኛ ቅርንጫፍ እንዲቆርጥለት ልጄን በብር ጠራው። ልጁ ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን ከለከልኩት። አጥብቄ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ከለከሉት። ነገሩ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ያንን ቅርንጫፍ ትልቅ ሰውም ቢሆን መንካት የለበትም። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሽቦውን መንካት እንኳ አያስፈልግም፣ ሽቦውን የነካውን ቅርንጫፍ መንካት ይበቃል። ያልሠለጠነ ሰው ከመስመር ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት፤ ጎረቤትዎ ለመብራት ኃይል አመልክቶ መስመሩ ሲጠፋ ነው የሚቆረጠው።

ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ ለሕይወቱና ለጤናው አደገኛ የሆነ ሥራ ላይ ማሰማራትን ይከለክላል።

ግን ልጁ ወዶታል ብለዋል። ፍላጎቱን አያጥፉበት። ቋጠሮ ይማር፣ ዋንዛን ከብሳና፣ ሾላን ከዋርካ ይለይ፣ ከሚያውቅ ትልቅ ሰው ጋር በገመድ ታስሮ ዝቅ ያለ ዛፍ ላይ ይለማመድ። መጋዝ ሳይዝ። በ18 ዓመቱ ያኔ ከብዙ ሰው ቀድሞ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነው የምጽፈው፣ 61 ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቀፎ ስሰቅልና የቡና ጥላ ስመለምል ኖሬያለሁ። ልጆቼ ከተማ ገቡ። ጉልበቴ አሁን አሁን እንቢ እያለኝ ነው። እስከ ስንት ዓመት ነው የሚወጣው?

መልስ፦ አባቴ፣ ቁጥር የለውም። ምልክት ግን አለው። ሲወርዱ እግርዎ የሚንቀጠቀጥና ቶሎ የማይተው ከሆነ፣ አንገትዎን ቀና አድርገው ሲያዩ የሚያዞርዎ ከሆነ፣ የግፊት መድኃኒት ጀምረው ሲነሱ ዓይንዎን ጭልም የሚያደርገው ከሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይውጡ። ጉልበት ብቻ ከሆነና የተቀረው ደህና ከሆነ ደግሞ ዝቅ ያለውን፣ ታስረው፣ ከሥር ሰው አቁመው። ቀፎውንም ቢሆን በእጅ በሚደረስበት ቦታ ማድረግ ይቻላል፤ ንቧ ከፍታውን ብላ አይደለም የምትሠራው።

ከሥራው ግን አይውጡ። ዘጌ አይታረስም፣ ኑሮው ቡናው፣ ጌሾውና ዛፉ ነው፤ ዛፉን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ሌላው ይከተላል። እርስዎ በምሳር ጀርባ ግንዱን መታ መታ አድርገው ውስጡ ባዶ መሆኑን በድምፁ ያውቃሉ። ንብ ያለበትን ስንጥቅ ከሥር ሆነው ያያሉ፤ የሞተር መጋዝ ይዞ የወጣ ልጅ ግን ንቧን የሚያውቃት ከነደፈችው በኋላ ነው። ከቀትር በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ የትኛውን ዛፍ እንደሚያወዛውዝም ያውቃሉ። እነዚህን በስልክ ቪዲዮ የሚማር የለም። ለሚመጣው ልጅ ሁሉ ዛፉን እርስዎ ይምረጡለት፣ «ይሄኛውን አትውጣ» ይበሉት፤ ያስከፍሉም፣ ሙያ ነው።

ጥያቄ፦ ገበያ ውስጥ የሚሸጠው የመኪና ዕቃ ማሰሪያ የናይለን ገመድ ለዛፍ መውጫ ይሆናል? ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው አሉኝ።

መልስ፦ አይሆንም። የዛፍ ገመድ ውፍረቱ ከ11 እስከ 13 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ውፍረት ሳይሆን አሠራሩ ነው ሰው የሚይዘው፤ ስንት እንደሚሸከም ተፈትኖ ተጽፎበታል። የገበያው ገመድ ማን እንደሠራው፣ ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንደከረመ አይታወቅም፤ ናይለን ደግሞ ፀሐይ ያደክመዋል፣ ሲያዩት ደህና ቢመስልም። ቋጠሮም ይሟልጭበታል። ከገዛኸው አትጣለው፣ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ጠፍረህ ጋሪ ላይ ለመጫን ይሆናል፣ በግ ለማሰርም ይሆናል።